ለአባቴ የሚሆን የዜና ጥንቅር ፍለጋ

አባቴ ደሴ ነው ያለው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲል በር ይዘጋል፣ ልጅ ዝም ይላል፣ የአሜሪካ ድምፅ ይከፈታል። እኛ ቤት «ሦስት ሰዓት» ማለት ሰዓት ሳይሆን ጣቢያ ነበር። ታዲያ መጋቢት 2017 ላይ በትራምፕ ትእዛዝ ከ1,300 በላይ የጣቢያው ሠራተኞች በአንድ ጊዜ እረፍት ውጡ ሲባሉ የአማርኛውም ክፍል ጸጥ አለ። አባቴ ጥፋቱን መጀመሪያ ያላከከው በባትሪ ድንጋዩ ላይ ነው። ሁለት አዲስ ገዛ። ከዚያ አንቴናውን መዘዘ፣ ሽቦ ቀጠለበት፣ ሽቦውን ወስዶ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አሰረው። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«አንተ፣ አሜሪካ ምን ሆነች?»

ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ እንግዲህ ሌላ ፈልግልኝ» አለ። ልክ እንደ ጫማ።

ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ወራት ፈጀብኝ፤ ከእነሱ ውስጥ በደንብ ቆጥሬ፣ ማስታወሻ ይዤ የሞከርኩት ግን ከኅዳር እስከ ጥር 2018 ያለውን ነው። ብዙ ሰው ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ስላየሁ የገጠመኝን ልጻፈው። ሁሉን ነገር በአንድ ላይ የሚሰጥ፣ ፖለቲካውንም፣ አካባቢውንም፣ ቴክኖሎጂውንም፣ ጤናውንም፣ እንዲህ ያለ በአማርኛ የተዘጋጀ የዜና ጥንቅር የት አለ? በክፍያም ይሁን በነፃ፣ በወረቀትም ይሁን በሞገድ።

መመዘኛዬን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። አባቴ ነው። ዜና ሰምቶ ሲጨርስ በማግስቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ማንም ይንገረው፣ ሬዲዮም ይሁን ጎረቤት፣ ትናንት የነገረውን ዛሬ ይጠይቀዋል። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ያመጣነውን ወሬ እንኳን ሳምንት ቆይቶ ይመለስበት ነበር። ያኔ በጣም ያናድደን ነበር። አሁን ሳስበው የዜና ጥንቅር ጥሩና መጥፎ የሚለየው በዚህችው ጥያቄ ነው። ዜና የሚያመጣ ሞልቷል። ያመጣውን መልሶ የሚጠይቅ ነው የጠፋው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም የሚሄድበት ነው፣ ቴሌግራም። በወር 200 ብር የሚያስከፍል አንድ የዜና ጥንቅር ቻናል አገኘሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ምናልባት የሚያዘጋጀው አንድ ልጅ ይሆናል፣ ዳቦውን አልዘጋበትም። ማስታወቂያው ጥሩ ነበር። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከአራቱም ዘርፍ፣ በአምስት ደቂቃ»። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ሊንኩ መጣ፣ ገባሁ። ለአባቴም የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ከፈተለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ተደሰትኩ። አቀራረቡ ያምራል፣ ለየዘርፉ ምልክት አለው፣ ለጤናው ልብ፣ ለአካባቢው ቅጠል። ችግሩ የታየኝ ማርበርግ ሲመጣ ነው።

ኅዳር 5 ቀን ነው ጂንካ ላይ ማርበርግ መግባቱ በይፋ የተነገረው። በአገራችን ሲታወቅ የመጀመሪያው ነው። ከኢቦላ ጋር ቤተሰብ የሆነ ቫይረስ ነው፣ ክፉ ነው፣ የተፈቀደ ክትባት የለውም። ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቻናላችንም ደነገጠ። በዚያች ምሽት ብቻ ሰባት ጊዜ «ሰበር» ብሎ ለጠፈ። አምስተኛው ላይ «በአየር የሚተላለፈው ገዳይ ቫይረስ» ይላል።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ ይቺን ግን ማንም ፈልጎ ያገኛታል። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በቀጥታ በመነካካት ነው፤ ደም፣ ትውከት፣ ላብ፣ እንዲህ ያለው። በእነዚህ ፈሳሾች በተበከለ አንሶላና ልብስም ይተላለፋል። ተፈጥሯዊ መኖሪያው ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ናቸው። እንደ ጉንፋን በአየር ተንሳፍፎ አይዝም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአየር የሚመጣን ነገር ሰው መስኮት ዘግቶ ይጠብቀዋል፣ በንክኪ የሚመጣውን ደግሞ አስታማሚውና አስከሬን አጣቢው ናቸው መጠንቀቅ ያለባቸው። ደሴ ላይ እናቴ መስኮት ዘጋች። ለሁለት ቀን።

ለቻናሉ ጻፍኩለት። በማግስቱ ያቺ ጽሑፍ የለችም። ጠፋች። «ተሳስተን ነበር» የሚል ነገር የለም፣ ማረሚያ የለም፣ በቃ እንዳልነበረች። ያነበበው ሰው እንዳነበበ ቀረ። እኔን ያናደደኝ ስህተቱ አይደለም፣ ማን የማይሳሳት አለ። ሹልክ ብሎ መጥፋቱ ነው።

ከዚያ ደግሞ ባሰበት። አንድ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ስለ ማርበርግ ጻፈ፣ ቁጥር አለ፣ ፎቶ አለ፣ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች አሉ። ከዚያ ቀስ እያለ ቀነሰ። ከዚያ ጭራሽ ተወው። አባቴ ግን አይተውም። በየሳምንቱ ሲደውል «ያ የጂንካው በሽታ ምን ደረሰ?» ይላል። ቻናሉን እፈልጋለሁ፣ የለም። ስለ አንድ አዲስ ስልክ ካሜራ አለ፣ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ደሞዝ አለ፣ ስለ ማርበርግ የለም።

የደረሰውማ እንዲህ ነው። ይህን በሽታ አበቃለት ለማለት የመጨረሻው ታማሚ ነፃ ከሆነ ወይም አርፎ ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን ይቆጠራል። ለምን 42? ቫይረሱ ሰው ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ቢበዛ 21 ቀን ይፈጅበታል፤ የዚያ እጥፍ ነው። አንድ አዲስ ሰው ከተገኘ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አልተገኘም። ጥር 18 ቀን 2018 ማብቃቱ ታወጀ። በላቦራቶሪ የተረጋገጡት 14 ሰዎች ነበሩ፣ ከእነሱ 9 አረፉ፣ 5 ተረፉ። በአገር ደረጃ ትልቅ ዜና ነው፤ ሐኪሞችና ነርሶች ሁለት ወር ከምናምን ተረባርበው ያስቆሙት ነገር ነው። ያ በአንድ ምሽት ሰባት ጊዜ «ሰበር» ያለው ቻናል በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ጻፈ? ዜሮ። ሰምቶ የነገረኝ አባቴ ራሱ ነው፣ ከሬዲዮ። እንዴት እንደሰማ ወደ በኋላ እመጣለሁ።

የእሳተ ገሞራው ነገርም አለ። ይኼኛው የአባቴ ሙያ ስለሆነ ነገር አስነሣ። ኅዳር 14 ቀን አፋር ውስጥ፣ ከኤርታሌ ብዙም ሳይርቅ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተወንጭፎ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመንና ኦማን ደርሶ፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ ገባ፣ የሕንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። እዚህ ደግሞ አፍዴራ አካባቢ የከብቱ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። ቻናሉ ምን አለ? «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ፈነዳ!» እውነቱን ለመናገር እሱ ብቻ አይደለም፣ ዓለሙ ሁሉ እንዲያ ነው ያለው።

አባቴ ወዲያው ደወለ። «12 ሺህ ዓመት ማን ቆሞ ቆጠረ?» አለ። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አስተማረኝ፣ እንደ ዘጠነኛ ክፍል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይንቲስቶቹ ያሉት በሆሎሲን ዘመን ውስጥ፣ ማለትም ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ፣ ይህ ተራራ ስለመፈንዳቱ የታወቀ መዝገብ የለም ነው። መዝገብ የለም ማለትና አልፈነዳም ማለት ለየቅል ናቸው። ያ አካባቢ ሩቅ ነው፣ በረሃ ነው፣ ሰው የሚያልፍበት ጥቂት ነው፤ ከ500 ዓመት በፊት ፈንድቶ ቢሆንስ ማን ጻፈው? «ያልተመዘገበና ያልሆነ አንድ አይደለም» አለኝ። «እንደዚያማ ከሆነ አያትህ የልደት ሰርተፍኬት የላቸውም፣ አልተወለዱም ልትለኝ ነው።»

ለቻናሉ ይህንንም ጻፍኩ። «እናመሰግናለን ቤተሰብ» የሚል መለሰልኝ፣ ከሁለት እጅ ምልክት ጋር። ወሩ ሲያልቅ አላደስኩም። ከአምስት አንድ ኮከብ። አንዷ ለቅጠሏ።

ቀጥሎ የሞከርኩት በጣም ተስፋ ያደረግኩበት ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ። ከነዚያ ከምታወራቸው አንዱን ስልኬ ላይ ጫንኩና በአማርኛ «የዛሬውን የፖለቲካ፣ የአካባቢ፣ የቴክኖሎጂና የጤና ዜና ጠቅልለህ ንገረኝ» አልኩት። ሳይደክም፣ ሳይቆጣ፣ በሰከንድ ውስጥ ጠቀለለ። አማርኛው ትንሽ እንደ መጽሐፍ ቅዱስና ትንሽ እንደ ደብዳቤ ይላል እንጂ ይገባል። ለአባቴ በድምፅ ሊያነብለት ይችላል። ተገኘ አልኩ!

ገና ሲደርሰው ማግስቱን ደወለ። ድምፁ ግራ የተጋባ ሰው ድምፅ ነው።

«ኃይለማርያም እንደገና ለቀቀ እንዴ?»

«የምን ኃይለማርያም አባዬ?»

«ደሳለኝ ነዋ። ለቀቀ ይላል። ከኤርትራም ጋር ታርቀናል ይላል።»

ስልኩን ለእህቴ ልጅ እንዲሰጠው ነገርኩት። ልጁ ምን ብሎ እንደጠየቀው አነበበልኝ። «የጥር 2018 ዋና ዋና ዜናዎች» ብሎ ነው። ዕቃው 2018ን በእነሱ ቁጥር ነው ያየው። በፈረንጅ 2018 ደግሞ እውነትም አቶ ኃይለማርያም ሥልጣን የለቀቁበት፣ ከኤርትራ ጋር እርቅ የወረደበት ዓመት ነው። አንዲት ቃል አልዋሸም። ስምንት ዓመት ብቻ ነው የዘገየው። እኔ በሳቅ ልሞት፣ አባቴ ግን አልሳቀም። «ዘመን ያላወቀ ምን ዜና ያውቃል» ብሎ ስልኩን መለሰለት።

እኔ ግን በቀላሉ አልተውኩትም። ቀኑን በፈረንጅ እየለወጥኩ፣ የዛሬ የሚለውን እያብራራሁ ቀጠልኩ። ይሻላል። ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ስለ ሕዳሴው ግድብ ጠየቅኩት። የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጅ መስከረም 9። እሱ መስከረም 4 አለኝ፣ ጳጉሜን የት እንደሚያደርጋት ጨንቆት ነው መሰለኝ። የኃይል መጠኑን 6,450 ሜጋ ዋት አለ። በምረቃው የተነገረው 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ በ13 ተርባይን። 6,000 እና 6,450 የሚሉት በፊት በፊት ይባሉ የነበሩ ቁጥሮች ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አሁንም ሞልተዋል፣ እሱም አንሥቶ አመጣቸው። ምንጩን ስጠይቀው በትህትና ይቅርታ ጠየቀና ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ተመልሼ ስጠይቀው እንደገና ይቅርታ። ይቅርታውስ ጥሩ ነው፣ ከቴሌግራሙ ይሻላል።

የእኔ ብቻ ዕድል እንዳይመስላችሁ። በፈረንጅ ጥቅምት 2025 የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትና ቢቢሲ ያወጡት ጥናት አለ። 22 የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን በ18 አገሮችና በ14 ቋንቋዎች እነዚህን አውሪ መተግበሪያዎች ዜና ጠይቀው መልሱን ጋዜጠኞች መረመሩት። ከመልሶቹ 45 ከመቶው ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር ነበረባቸው። ከመቶ ወደ 45! ታክሲ ብትሳፈሩና ከሁለት ጉዞ በአንዱ ሌላ ሠፈር ቢያወርዳችሁ እንደማለት ነው። መተግበሪያውን፣ ለአባቴ ሲመዘን፣ ከአምስት ሁለት እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛዋ ስለ ሃይሊ ጉቢ ስጠይቀው «መዝገብ የለም» የሚለውን ራሱ በትክክል ስላስረዳኝ ነው። አባቴ ይህንን ሲሰማ «እሱስ የተማረ ነው» አለ።

በመሃል ቢቢሲ አማርኛንም አየሁ። በ2010 መስከረም ከአፋን ኦሮሞና ከትግርኛ ጋር አብሮ ነው የተጀመረው። ይኼ ንባብ ነው በዋናነት። የሚያብራራው ነገር ጥሩ ነው፣ «ምንድን ነው? እንዴት ይተላለፋል? ምን ማድረግ አለብን?» እያለ ነው የሚሄደው፣ ለእናቴ የማርበርግን ነገር ያስረዳሁት እንዲያ ካለ ጽሑፍ ነው፤ መስኮቱ የተከፈተው በዚያ ነው። ለእኔ ጥሩ ነው። አባቴ ግን በግራ ዓይኑ ሞራ አለበት፣ ስልክ ላይ ከሁለት አንቀጽ በላይ አይገፋም። ለእሱ ስላልሆነ ኮከቡን ልተወው። ዓይናችሁ ደህና ከሆነ ግን ግቡ።

አሁን ወደ ሬዲዮው። ዶይቸ ቬለ አማርኛ፣ የጀርመኑ ጣቢያ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ መሞከር የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ ግን እኛ ቤት የሦስት ሰዓቱ ደጋፊ ስለነበርን የአንድ ሰዓቱን እንደ ተቃራኒ ቡድን ነበር የምናየው። ጊዮርጊስና ቡና በሉት። የሚገርመው፣ ሥርጭቱ የተጀመረው መጋቢት 1957 ነው። አሜሪካ ጸጥ ባለችበት በመጋቢት 2017 ጀርመን 60 ዓመት እየሞላት ነበር።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። መጀመሪያ ዜና፣ ከዚያ ዜና መጽሔት፣ ከዚያ የዕለቱ ዝግጅት። አራቱ ዘርፍ የት አለ ብዬ ስፈልግ የነበረው እዚህ በሳምንት ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ሰኞ ማሕደረ ዜና አለ፣ ፖለቲካው እሱ ጋ ነው። ማክሰኞ ጤና እና አካባቢ። ረቡዕ ሳይንሱና ኢኮኖሚው። እሑድ ደግሞ እንወያይ፣ ሰዎች ተሰብስበው የሚከራከሩበት። አባቴ ይህንን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፣ ክፍለ ጊዜ ማውጣት ሥራው ነበርና።

የነጋሽ መሐመድን ማሕደረ ዜና ያልሰማ ሰው ካለ አንድ ሰኞ ይስማ። አረፍተ ነገሩን ይቆርጠዋል፣ ያቆመዋል፣ እንደገና ያነሣዋል። የዛሬውን ከመናገሩ በፊት ከ20 ዓመት በፊት የሆነውን ያመጣል። «ያ ነገር ምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ያለው ሰው ሌላም ቦታ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። አባቴ በመጀመሪያው ሰኞ ምንም አላለም። በሁለተኛው ሰኞ ስደውልለት «ቆይ፣ ሰውየው እያወራ ነው» ብሎ ዘጋብኝ።

ጥር ላይ የማርበርግን መጨረሻ የነገረኝም እንዲህ ነው። «ያ የጂንካው በሽታ አልቋል» አለኝ፣ የምሥራች እንደሚናገር። አያይዞም በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመን ከተማ መሆኑን ነገረኝ። በፈረንጅ 1967 ማርቡርግ በምትባል ከተማ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከዩጋንዳ ከመጡ ጦጣዎች ተይዘው ነው መጀመሪያ የታወቀው። «እኛ ጋ አልተነሣም፣ ስሙም የእኛ አይደለም» አለ። ይህን ሲል ትንሽ የኮራ መሰለኝ።

ጉድለት የለውም አልልም። አጭር ሞገዱ ደሴ ላይ፣ በተለይ እኛ ቤት ከጦሳ ተራራ ሥር ስለሆነ፣ ዝናብ ሲሆን ይርቃል ይመጣል። በኢንተርኔት ይገኛል፣ ግን አባቴ በስልክ የሚሰማ ሬዲዮ ሬዲዮ አይደለም ይላል፣ ክርክሩን ትቼዋለሁ። «አፍሪቃ» እያሉ በ«ካ» ፈንታ በ«ቃ» መጻፋቸውም ለአዲሱ አንባቢ ይጎረብጣል፤ እኔ ለምጄው አሁን «አፍሪካ» ነው የሚጎረብጠኝ። ከዚህ የከበደው ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት ዘጋቢዎች ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2018 የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለጊዜው አግዷቸው እንደነበር ይታወሳል። የእንዲህ ያለ ጣቢያ ነፍሱ በየክልሉ ያለው ሰው ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያለው ዘጋቢ ዝም ሲል ጀርመን፣ ቦን ያለው ሰው ምን ይላል? ከአምስት አራት ከግማሽ።

ማለቅ ነበረበት፣ ግን አላለቀም። አባቴ ወረቀት ናፈቀው። «የሰማሁትን መልሼ የማየው ነገር አምጣልኝ» አለ። ዜና በሞገድ ይመጣና ይሄዳል፤ ደግሞ እሱ ያሰምርበታል፣ በእርሳስ፣ ዳር ላይ ይጽፍበታል። ስለዚህ አራት ኪሎ ሄድኩ።

ጋዜጣ አከራዮቹን የማታውቁ ካላችሁ፣ አራት ኪሎ ላይ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ትከፍላላችሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ታነባላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል። ድሮ ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ ወጣት እዚያ ተሰልፎ ነበር የሚውለው፣ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ አንድ ክረምት ውያለሁ። አሁን እንደ ድሮው አይደሉም፣ ሳስተዋል። ግን አሉ።

አንድ ሽማግሌ አከራይ አሉ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሪፖርተር የረቡዕና የእሑድ አለኝ አሉኝ፣ አዲስ ዘመን የዕለቱ አለ፣ አዲስ አድማስ ቅዳሜ ነው። «ምን ዓይነት ዜና ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። ከአራቱም ዘርፍ አልኳቸው፣ ፖለቲካ፣ አካባቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ ጤና። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ይኼ የኤሌክትሪክ መኪና የቱ ውስጥ ነው?» አሉ።

ቆም ብዬ አሰብኩ። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ሲከለክል ጉዳዩ ፖለቲካ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ነውና። ቴክኖሎጂም ነው። አካባቢም ነው። ጢሱ ጤናም ነው። ቴሌግራሙ ግን ቅጠል ለጥፎበት ያልፋል፣ ወይም የስልክ ምልክት። የፌስታሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። ለቅጠሉ ዘርፍ ትልቅ ዜና ነበር ያን ጊዜ። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰ የጠየቀ ጥንቅር አላየሁም። ባለፈው ሠፈር ውስጥ ሽንኩርት ስገዛ ልጁ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከጤፍ ከረጢቱ ኋላ፣ ጥቁር ፌስታል እንደ ኮንትሮባንድ አውጥቶ ሰጠኝ። እኔም ግራ ቀኝ አይቼ ተቀበልኩ። ይህቺን ዜና የጻፈ የለም።

ጋሼ የእሑዱን ሪፖርተር ሰጡኝ። ወፍራም ነው። ፖለቲካው ፊት ላይ አለ፣ ኢኮኖሚው ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድን ጉዳይ ሙሉ ገጽ ይዞ የሚሄድ ነገር ያገኛሉ፤ ማን አለ፣ መቼ አለ፣ በየት ስብሰባ ላይ አለ የሚለው ተጽፏል። ለአባቴ ዓይን ፊደሉ ትንሽ ያንሳል፣ አጉሊ መነጽር አለው። ቴክኖሎጂና ጤና ላይ ግን አያጠግበኝም፣ አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም። ከአምስት አራት።

ስለዚህ የመጨረሻው ፍርዴ አንድ ዕቃ አይደለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሬዲዮ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጋዜጣ። ጋዜጣውን እሑድ እገዛለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ለማውቀው የደሴ አውቶቡስ ረዳት እሰጣለሁ፣ ማታ አባቴ ሄዶ ከመናኸሪያ ይቀበለዋል። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የአንድ ቀን ያረጀ ዜና። ለረዳቱ የምሰጠው ከጋዜጣው ዋጋ ይበልጣል። የቴሌግራሙን 200 ብር ወደዚያ አዙሬዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ መንገድ ተዘግቶ አውቶቡሱ ደብረ ብርሃን አደረ። ጋዜጣው ማክሰኞ ከሰዓት ደረሰ። ማታ ጤና እና አካባቢ ሲያልቅ አባቴ ደወለ፣ እንኳን ደረሰልህ ልለው ስል ቀደመኝ።

«ያ መንገዱን የዘጋው ነገር ምን ደረሰ?»